ግድግዳ የሌለው ጣሪያ፦ ትንሽ የውጭ መጠለያ ለሚነድፉ ተማሪዎች

የአርክቴክቸርና የግንባታ ተማሪዎች ገና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሚሰጧቸው ሥራዎች አንዱ ትንሽ የውጭ መጠለያ ነው። ትእዛዙ አጭር ነው፤ ስምንት አሥር ሰው ከፀሐይና ከዝናብ የሚያርፍበት፣ ግቢ ውስጥ ወይም መናፈሻ ዳር የሚቆም፣ ከተቻለም ተማሪዎቹ በገዛ እጃቸው የሚሠሩት። በር የለውም፣ መስኮት የለውም፣ የቧንቧና የመብራት ጣጣ የለበትም። ስለዚህ ቀላል ይመስላል። የሚከብደውም በዚሁ ምክንያት ነው። በተራ ቤት ላይ ንፋስ ሲገፋ ቤቱን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው፣ ተንጋዶ የሚመጣውን ዝናብ የሚመልሰው፣ የማታዋን ፀሐይ የሚጋርደው ግድግዳው ነው። ግድግዳው ሲነሳ እነዚህ ሁሉ ሥራዎች ባለቤት ያጣሉ፤ ንድፉ አንድ በአንድ ሌላ ባለቤት ሊፈልግላቸው ይገባል።

ብዙ ተማሪ መጠለያ ሲያስብ ከላይ የሚወርደውን ብቻ ያስባል። ጣሪያው ምን ያህል ይከብዳል? ምሰሶው ይችለዋል ወይ? ትንሽ መጠለያን የሚያሸንፈው ግን ከላይ የሚወርደው አይደለም። ከጎን የሚመጣው ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው ማለት ይቻላል።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። አራት የእንጨት ምሰሶዎች 3 ሜትር በ4 ሜትር ሆነው ይቆማሉ። ጣሪያው ወደ አንድ ወገን ብቻ ያዘነበለ የቆርቆሮ ጣሪያ ነው፤ በአራቱም አቅጣጫ ግማሽ ግማሽ ሜትር ከምሰሶዎቹ ወጥቶ 4 በ5 ሜትር፣ ማለትም 20 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ተዳፋቱ በ3 ሜትሩ አቅጣጫ 10 ዲግሪ ነው። 3 በ4 የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የዚህ ሬክታንግል ሰያፍ ልኩ 5 ሜትር ስለሆነ መሬት ላይ ምልክት ሲደረግ ማእዘኑን በሜትር ብቻ ማረጋገጥ ይቻላል። ሁለቱም ሰያፎች 5.00 ሜትር ካልመጡ ጉድጓድ መቆፈር አይጀመርም።

ስፋቱ ከተቀማጩ ይነሳል

አግዳሚ ወንበር 45 ሳንቲሜትር ከፍታና ከ40 እስከ 45 ሳንቲሜትር ጥልቀት ይበቃዋል፤ ለአንድ ሰው 60 ሳንቲሜትር ወርድ ይታሰባል። በ4 ሜትሩ ጎን፣ በምሰሶዎቹ መካከል፣ ስድስት ሰው ይቀመጣል። ወንበሩ በአንዱ የ3 ሜትር ጎን ከታጠፈ ሦስት ሰው ይጨመራል፤ ማእዘኑ ላይ የሁለት ሰው ጉልበት ስለሚጋጭ እዚያ አንድ ቦታ ይባክናል። የቀረው ወለል ላይ ዊልቸር ሙሉ ዙር እንዲዞር 1.5 ሜትር ዲያሜትር ያለው ክብ ነጻ መሆን አለበት። ወለሉ ከዙሪያው መሬት 15 ሳንቲሜትር ከፍ ካለ፣ በ1 ለ12 ልክ የሚሠራው መወጣጫ 1.8 ሜትር ርዝመት ይወስዳል። ይህ መወጣጫ ብዙ ጊዜ ፕላኑ ካለቀ በኋላ የሚታሰብ ነው፤ ያኔ ደግሞ የሚገባበት ቦታ ይጠፋል።

አሁን ከፍታው። በስኬች ላይ ጣሪያ አንድ መስመር ነው። በተግባር ከቆርቆሮው ሥር 7 ሳንቲሜትር ሞራሌ (ቆርቆሮው የሚመታበት አግዳሚ እንጨት) አለ፤ ከሞራሌው ሥር በተዳፋቱ የሚወርደው 15 ሳንቲሜትር ወራጅ፤ ከወራጁ ሥር ምሰሶዎቹን የሚያያይዘው 20 ሳንቲሜትር ቢም። ድምሩ 42 ሳንቲሜትር ነው። ዝቅተኛው የቆርቆሮ ጠርዝ 2.4 ሜትር ላይ ቢሆን በምሰሶው መስመር የቢሙ ሥር 2.07 ሜትር ላይ ይወድቃል። ረጅም ሰው ያልፍበታል፣ ግን ብዙም አይተርፈውም። ተማሪው 2.4 ሜትር ብሎ የጻፈው የቆርቆሮውን ይሁን የቢሙን ልክ ሳይለይ ከቀረ፣ የሰው ግንባር የሚገጨው መጠለያ ይሠራል። ሴክሽኑ (መጠለያው ከላይ እስከ ታች ተቆርጦ ሲታይ የሚያሳየው ስዕል) በ1 ለ20 የሚሳለው ይህ ውፍረት እንዲታይ ነው፤ በ1 ለ100 ላይ አይታይም።

በዚሁ ልክ፣ ወራጆቹ ጫፍ ላይ 20 ሳንቲሜትር የጠርዝ ጣውላ ቢመታ፣ የጣውላው ሥር በዝቅተኛው በኩል 2.2 ሜትር፣ በከፍተኛው በኩል 2.9 ሜትር ላይ ይሆናል። ለፀሐይና ለዝናብ የሚቆጠሩት እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ናቸው።

ጥላው የት ይወድቃል?

ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ማንኛውም ጣሪያ ጥላ ይሰጣል። ጥያቄው ከሰዓት በኋላ ነው። ፀሐይዋ ከአድማስ 30 ዲግሪ ላይ ስትሆን (ምድር ወገብ አካባቢ ልትጠልቅ ሁለት ሰዓት ገደማ ሲቀራት ማለት ነው) ምን እንደሚሆን እንቁጠር። የተቀመጠ ሰው ራስ ከወለሉ 1.2 ሜትር ላይ ነው። ጨረሩ ከጠርዙ ወደ ውስጥ የሚገባው ርቀት የከፍታው ልዩነት ለ30 ዲግሪ ታንጀንት (0.577) ሲካፈል ነው። ዝቅተኛው ጠርዝ ወደ ምዕራብ ቢዞር ልዩነቱ 1 ሜትር ነው፤ ፀሐይ 1.7 ሜትር ትገባለች፤ ጠርዙ ከምሰሶው ግማሽ ሜትር ወጣ ስላለ ከምሰሶው መስመር ወደ ውስጥ የሚቆጠረው 1.2 ሜትር ብቻ ነው። ከፍተኛው ጠርዝ ወደ ምዕራብ ቢዞር ግን ልዩነቱ 1.7 ሜትር ይሆናል፤ ፀሐይ ከምሰሶው መስመር 2.4 ሜትር ወደ ውስጥ ትዘልቃለች። ከ3 ሜትሩ ወለል ለተቀማጭ የሚቀረው 60 ሳንቲሜትር ጥላ ነው። ያው ጣሪያ፣ ያው ቁሳቁስ፣ ያው ወጪ፤ የተለወጠው አቅጣጫው ብቻ ነው።

ሞዴሉን ክፍል ውስጥ መብራት ሥር ማየት ይህን አያሳይም። ሞዴሉን ውጭ አውጥታችሁ ፀሐይ ላይ አዘንብሉት፤ ወይም የቦታችሁን የፀሐይ ማእዘን ቁጠሩ። የቀትር ከፍታዋ 90 ሲቀነስ በቦታው ላቲቲውድ (ኬክሮስ) እና በዕለቱ የፀሐይ ዴክሊኔሽን (ፀሐይዋ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ የምትርቅበት ማእዘን) መካከል ያለው ልዩነት ነው። ዴክሊኔሽኑ በዓመት ውስጥ ከ23.4 ዲግሪ ሰሜን እስከ 23.4 ዲግሪ ደቡብ ይመላለሳል።

ዝናቡም እንደዚሁ ነው። ንፋስ የቀላቀለ ዝናብ ከቀጥታው 30 ዲግሪ ቢንጋደድ በወንበሩ ከፍታ ላይ በዝቅተኛው በኩል ከምሰሶው መስመር 50 ሳንቲሜትር ያህል፣ በከፍተኛው በኩል 90 ሳንቲሜትር ያህል ይገባል። ጥልቀቱ 45 ሳንቲሜትር የሆነ ወንበር በከፍተኛው ጠርዝ ሥር ቢደረግ ሙሉ በሙሉ ይረጥባል። ስለዚህ ወንበሩ በዝቅተኛው በኩል ይሁን፤ እዚያም ዝናቡ ስለሚደርስበት ጀርባው ላይ ክፍተት ያለው የጣውላ መከለያ ይኑረው። ከፍተኛው ወገን ሰው የሚገባበትና እይታ ያለው ይሁን። የዝናቡ ንፋስና ምዕራቡ በተለያየ አቅጣጫ ከሆኑ ሁለቱን ባንድ ጣሪያ ማስታረቅ አይቻልም፤ ዝቅተኛውን ጠርዝ ለአንዱ ሰጥቶ ለሌላው መከለያ ማቆም ግድ ነው።

መከለያው ክፍተት ይኑረው የተባለበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ወደ ንፋሱ ስንደርስ ይወጣል።

ውሃው፣ ሙቀቱ

በ1 ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው። አንድ ብርቱ ዝናብ 30 ሚሊሜትር ቢያወርድ ጣሪያችን 600 ሊትር ይሰበስባል፤ ሁሉም በአንዱ 5 ሜትር ጠርዝ ይፈስሳል። አሸንዳ ከተደረገ ቢያንስ በ1 ለ200 ይዘንብል፤ በ5 ሜትር ላይ 2.5 ሳንቲሜትር ነው። አሸንዳ ካልተደረገ ውሃው የሚወድቅበት መስመር ላይ 50 ሳንቲሜትር ወርድ ያለው የጠጠር መደብ ይሠራ፤ አለዚያ የሚረጨው ጭቃ ወንበሩንና የምሰሶዎቹን እግር ያለብሳል። ወለሉም ቢሆን በ1 ሜትር 1 ወይም 2 ሳንቲሜትር ወደ ውጭ ያዘንብል። የቡርኪና ፋሶው ተወላጅ አርክቴክት ዲየቤዶ ፍራንሲስ ኬሬ እ.ኤ.አ. በ2017 ለንደን ውስጥ ለሰርፐንታይን ጋለሪ የሠራው መጠለያ ይህን ጥያቄ ገልብጦ ነው የመለሰው፤ ጣሪያው ወደ መካከል ስለሚያዘነብል ዝናቡ በጠርዙ ሳይሆን መሃል ላይ ተሰብስቦ ይወርድ ነበር።

ባዶ ቆርቆሮ ፀሐይ ሲመታው ይግልና ሙቀቱን ወደ ታች፣ በቀጥታ በተቀማጩ ራስ ላይ ይለቃል። ከወራጆቹ ሥር ቀጭን የጣውላ ወይም የሸምበቆ ኮርኒስ ቢደረግና በመካከሉ ያለው ክፍተት በሁለቱም ጫፍ ክፍት ሆኖ አየር ቢያልፍበት ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል። ጫፎቹን በጠርዝ ጣውላ ጥርቅም አድርጎ መዝጋት ይህን ጥቅም ያጠፋዋል፤ ከጣውላው በላይ ጥቂት ሳንቲሜትር ክፍት ይቅር።

መንጋደድ

አራት ምሰሶ አቁማችሁ ከላይ በቢም ብታያይዟቸው የሚገኘው ነገር ገና መዋቅር አይደለም። በጣት ሲገፉት ሬክታንግሉ ወደ ዘመም ፓራለሎግራም ይለወጣል። በ1 ለ20 ሞዴል፣ መጋጠሚያዎቹን ሙጫ ሳይነካቸው በስፒል ብቻ አያይዛችሁ ሞክሩት፤ ሙጫ ያለው ሞዴል ይዋሻል፤ እውነተኛው መጋጠሚያ የማይኖረውን ጥንካሬ ያሳያል።

መፍትሔው ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ምሰሶውን መሬት ውስጥ በጥልቀት ቀብሮ ከሥሩ ግትር ማድረግ ነው። ሁለተኛው ከላይ በምሰሶውና በቢሙ መካከል ሰያፍ ድጋፍ መስጠት። ሦስተኛው ከወለል እስከ ቢም ድረስ በአንድ ጎን ሙሉ ሰያፍ ማሰር፣ በእንጨት ወይም በብረት ገመድ።

የመጀመሪያው ቀላሉ ይመስላል፤ የእንጨት ጠላቱ ግን እሱ ነው። እንጨት የሚበሰብሰው ሁልጊዜ ደረቅ በሆነበት ወይም ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ በሆነበት ሳይሆን እርጥበትና አየር በተገናኙበት፣ ማለትም ልክ በመሬቱ ገጽ ላይ ነው። በኮንክሪት መክበቡም አያድነውም፤ እንጨቱ ሲደርቅ ይኮማተርና በዙሪያው በሚከፈተው ቀጭን ስንጥቅ ውሃ ገብቶ ይቀመጣል። ስለዚህ ምሰሶው ከመሬት 15 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ በብረት ጫማ ላይ ይቁም። የተቆረጠው የእንጨት ጫፍ ከጎኑ ይልቅ ውሃ የሚመጥ ስለሆነ በጫማው የብረት ወለል ላይ ውሃ እንዳይቋጥር ማፍሰሻ ቀዳዳ ይሰጠው፤ ጫፉም ከመቆሙ በፊት መከላከያ ይቀባ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ጉዳይ ከሌላው ጋር ይጣላል። ምሰሶውን ከመበስበስ ያዳነው የብረት ጫማ ማጠፊያ ሆነ ማለት ነው፤ ምሰሶው ከሥሩ አይገተርም። ከመሬት የተወሰደው ግትርነት ከላይ መከፈል አለበት። በምሳሌያችን በእያንዳንዱ ምሰሶ ላይ፣ በሁለቱም አቅጣጫ፣ ከመጋጠሚያው 70 ሳንቲሜትር ወርዶ በ45 ዲግሪ የሚወጣ ሰያፍ ድጋፍ እናደርጋለን። ባጠቃላይ ስምንት። በተዳፋቱ አቅጣጫ ያሉት ድጋፎች የሚያርፉበት ስለሚያስፈልጋቸው በየምሰሶው መስመር ያለው ወራጅ ልክ ከምሰሶው ጎን ተጠግቶ እንዲያልፍ ይደረጋል። ተማሪዎች ደጋግመው የሚስቱት «በሁለቱም አቅጣጫ» የሚለውን ነው፤ ኤሌቬሽኑ (የፊት ገጽታው ስዕል) ላይ የሚታየውን ወገን አስረው የጎኑን ይረሱታል፤ መጠለያውም በጎኑ ይንጋደዳል። ደግሞም የድጋፉ ታችኛው ጫፍ በዝቅተኛው በኩል 1.4 ሜትር ገደማ ላይ፣ ማለትም በሰው ደረት ከፍታ ላይ ይደርሳል። መተላለፊያ ላይ ቢሆን አደጋ ነው። ወንበሩ በዚያው በኩል ስለሆነ ግን ማንም አይራመድበትም። ጣሪያው ራሱም እንዳይጣመም ከሞራሌዎቹ ሥር፣ ከማእዘን ወደ ማእዘን፣ ሁለት የብረት ጥብጣብ በመስቀለኛ ይወጠር።

ንፋሱ ጣሪያውን ሲያነሳ

ይህ ክፍል ረዘም ይላል፤ የሚገባውም ነው። ክፍት መጠለያ ላይ ንፋስ ከሥር ይገባል፣ ከላይም በጠርዙ ሲዞር ይስባል፤ ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ ይሠራሉ፣ ወደ ላይ።

የንፋስ ግፊት በኒውተን በካሬ ሜትር 0.613 ሲባዛ በፍጥነቱ ስኩዌር ነው፤ ፍጥነቱ በሜትር በሰኮንድ። ለምሳሌ 30 ሜትር በሰኮንድ፣ በሰዓት 108 ኪሎሜትር፣ ብንወስድ 0.55 ኪሎኒውተን በካሬ ሜትር ይመጣል። (የየቦታው የንድፍ ፍጥነት ከአገሩ የግንባታ ስታንዳርድ ነው የሚወሰደው።) የአውሮፓው የግንባታ ስታንዳርድ ዩሮኮድ 10 ዲግሪ ላዘነበለ ባለ አንድ ተዳፋት ክፍት ጣሪያ፣ ከሥሩ ምንም ካልተከለለ 0.9፣ ሥሩ ከተዘጋ 1.4 የማንሳት ኮፊሸንት (የንፋሱ ግፊት የሚባዛበት ቁጥር) ይሰጣል። ክፍተት ያለው መከለያ የተባለው ለዚህ ነው፤ አየሩ ሲያልፍ ሥሩ ወደ ክፍት ይጠጋል። ትንሽ የተከለለ እንኳ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ስለሚወድቅ የመጨረሻውን ልክ ኢንጂነሩ ይወስናል፤ እኛ ለስሌቱ ክፍት ነው ብለን እንቀጥል።

0.55 በ0.9 በ20 ካሬ ሜትር፣ ወደ 9.9 ኪሎኒውተን። በ1.5 የደህንነት ማባዣ 14.9። አንድ ኪሎኒውተን 100 ኪሎግራም የሚያህል ክብደት ነው፤ እንግዲህ አንድ ቶን ተኩል ወደ ላይ ይጎትታል። የጣሪያውና የምሰሶዎቹ ክብደት ስንት ነው? ቆርቆሮው 100 ኪሎ፣ ሞራሌው 50፣ ወራጁ 90፣ ቢሙ 100፣ ምሰሶዎቹ 70 ያህል፤ በድምሩ 410 ኪሎ፣ 4.1 ኪሎኒውተን። የሚያግዘንን ክብደት ደግሞ በ0.9 አባዝተን ዝቅ አድርገን ነው የምንቆጥረው፤ 3.7። መጠለያው በራሱ ክብደት አይቆምም ማለት ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ልዩነቱን ለአራት ያካፍልና ይጨርሳል። ስህተት ነው። የማንሻው ኃይል የሚያርፈው በጣሪያው መካከል ሳይሆን ንፋሱ ከመጣበት ጠርዝ በጣሪያው ጥልቀት ሩብ ላይ ነው፤ በእኛ 4 ሜትር ጥልቀት ከጠርዙ 1 ሜትር፣ ከምሰሶው መስመር 50 ሳንቲሜትር ብቻ ገባ ብሎ። ስለዚህ በንፋሱ በኩል ያሉት ሁለት ምሰሶዎች ከኃይሉ 83 በመቶ ይሸከማሉ፤ 12.4 ኪሎኒውተን። የክብደቱ ግማሽ (1.85) ሲቀነስ ለእያንዳንዱ 5.3 ኪሎኒውተን ይደርሳል። ለአራት ያካፈለው ተማሪ 2.8 ብሎ ነበር የሚወጣው።

ኮንክሪት በሜትር ኩብ 24 ኪሎኒውተን ይመዝናል። 60 በ60 በ70 ሳንቲሜትር የሆነ መሠረት 0.25 ሜትር ኩብ ነው፤ በ0.9 ተባዝቶ 5.4 ኪሎኒውተን ይይዛል። ይበቃል። መከለያው ድፍን ሆኖ ሥሩ ቢዘጋ ያው ስሌት 8.7 ኪሎኒውተን ያመጣና መሠረቱ 75 በ75 በ75 ይሆናል። ያለ ሐሳብ የተመታ አንድ ድፍን መከለያ ኮንክሪቱን ከ1 ሜትር ኩብ ወደ 1.7 ያደርሰዋል።

ወደ ታች ያለውን ጭነት ብንቆጥር ደግሞ መሠረቱ አፈሩን የሚጫነው ከ30 ኪሎፓስካል (ኪሎኒውተን በካሬ ሜትር) በታች ነው፤ መካከለኛ አፈር ያለ ችግር የሚችለው። እዚህ ያለው መሠረት ጣሪያውን ለመሸከም ሳይሆን እንዳይሄድ ለመያዝ የተቀበረ ነው። በረዶ በሚጥልበት አገር ስሌቱ ይለወጣል፤ የበረዶው ክብደት ይገባል፣ መሠረቱም መሬቱ ከሚቀዘቅዝበት ጥልቀት በታች መውረድ አለበት። ውሃ ሲያገኝ የሚያብጥና ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጥቁር ሸክላ አፈርም የራሱ ምርመራ ይፈልጋል።

ከቆርቆሮው እስከ መሠረቱ ያለው ሁሉ አንድ ሰንሰለት ነው፤ አንዱ ቀለበት ከሳሳ የሌሎቹ ጥንካሬ አይረዳም። ቆርቆሮው ከሞራሌ የሚያያዘው ጎማ ሮንዴላ (ከብሎኑ ራስ ሥር የሚገባ ቀለበት) ባለው የቆርቆሮ ብሎን ነው፣ በቆርቆሮው ጀርባ ላይ እንጂ ውሃ በሚሄድበት ቦይ ላይ አይደለም። ብሎኑ ጎማው በጥቂቱ እስኪጨመቅ ብቻ ይጠበቅ፤ ጎማው ፈንጥቆ ከወጣ ውሃ ያስገባል። ንፋሱ ከሁሉ የሚበረታው በጠርዝና በማእዘን ስለሆነ እዚያ በየጀርባው፣ መሃል ላይ አንዱን እየዘለሉ ይመታል። ሞራሌውም ከወራጁ በረጅም ብሎን ወይም በጥብጣብ ይያዝ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ቀለበት ይህ ነው። ከወራጁ ወደ ቢሙ በየመጋጠሚያው ወደ 2 ኪሎኒውተን ያልፋል። በሰያፍ የተመታ ምስማር ይህን አይይዝም፤ ምስማር ወደ ጎን ሲገፋ ይጠነክራል፣ በቁመቱ ሲነቀል ግን ይወጣል። ስለዚህ ወራጁን አቅፎ በሁለት ጎን ቢሙ ላይ የሚመታ የብረት ጥብጣብ ያስፈልጋል። ከቢሙ ወደ ምሰሶው ደግሞ ሁለት ባለ 12 ሚሊሜትር ብሎኖች።

ይህ የቢምና የምሰሶ መጋጠሚያ ቀረብ ብሎ መታየት ይገባዋል። ቢሙ አንድ ወፍራም እንጨት ከሚሆን ሁለት 5 በ20 ጣውላ ሆኖ 12 በ12 የሆነውን ምሰሶ ከግራና ከቀኝ ቢያቅፈው ይሻላል። ብሎኑ ሦስቱንም ያልፋል። ቀዳዳው ከእንጨቱ ጫፍ ቢያንስ የብሎኑን ውፍረት 7 እጥፍ፣ 84 ሚሊሜትር፣ ይራቅ፤ ከጎኑ ጠርዝ 4 እጥፍ፣ 48 ሚሊሜትር፤ በሁለቱ ብሎኖች መካከልም እንዲሁ ቢያንስ 5 እጥፍ፣ 60 ሚሊሜትር ይኑር። ለመልክ ብሎ ብሎኑን ወደ ጫፍ ማስጠጋት እንጨቱን በጭረቱ ይሰነጥቀዋል፤ ስንጥቁ የሚመጣው ደግሞ በሥራው ቀን ሳይሆን እንጨቱ ሲደርቅ ነው። ከዳዶው (ከብሎኑ ማጥበቂያ) ሥር ሰፊ ሮንዴላ ይግባ፤ ትንሹ ሮንዴላ እንጨቱ ውስጥ ይሰጥምና ብሎኑ ይላላል። ይህን አንድ መጋጠሚያ ሙሉ ንድፉ ከመጽደቁ በፊት በእውነተኛ መጠኑ ሠርታችሁ እዩት። ቁልፉ ዳዶው ጋ ይደርሳል ወይ? ሰያፍ ድጋፉ ከብሎኑ ጋር አይጋጭም ወይ? ወረቀት ላይ ይህ አይታወቅም።

ልኮቹና ዝርዝሩ

የቀረው ልክ አጭር ነው። ወራጅ 5 በ15፣ በአማካይ በየ1 ሜትሩ፣ ስድስት፣ እያንዳንዱ 4.1 ሜትር። ሞራሌ 5 በ7፣ በየ80 ሳንቲሜትሩ፣ ስድስት መስመር፣ በድምሩ 30 ሜትር። የቢም ጣውላ 5 በ20፣ አራት፣ እያንዳንዱ 5 ሜትር። 0.85 ኪሎኒውተን በካሬ ሜትር ጭነት (የራሱ ክብደትና ለጥገና የሚወጣ ሰው ተደምሮ) ሲወርድበት ቢሙም ወራጁም መሃል ላይ 1 ሳንቲሜትር ገደማ ነው የሚጎብጡት። ቆርቆሮው 4.15 ሜትር ሆኖ ያለ መጋጠሚያ ከላይ እስከ ታች ይሂድ። አንዱ ቆርቆሮ ከተደራረበ በኋላ የሚሸፍነው 76 ሳንቲሜትር ከሆነ ሰባት ይበቃል፤ መደራረቡ አንድ ተኩል ጀርባ ይሁን፣ ክፍቱ ጠርዝም ንፋሱ ከሚበዛበት ይሽሽ። ለእንጨቱ 10 በመቶ ብክነት ይታሰብ።

ለ1 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ባለ 50 ኪሎ ሰባት ከረጢት ሲሚንቶ ያህል ይሄዳል። ለአንድ ከረጢት ውሃው 25 ሊትር ገደማ ነው፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ይቀነሳል። ተማሪዎች ማደባለቁ ሲከብዳቸው ውሃ ይጨምራሉ። ያኔ ሥራው ይቀላል፣ ኮንክሪቱ ግን ይሳሳል። ከተሞላ በኋላ 7 ቀን በእርጥበት ይጠበቅ።

ስዕሉ ፕላን በ1 ለ50፣ ሴክሽን በ1 ለ20፣ መጋጠሚያዎች በ1 ለ5 ሆኖ፣ እያንዳንዱ እንጨት ቁጥር ይሰጠውና በመቁረጫ ዝርዝር ላይ ርዝመቱ ይጻፍ። ሳሙኤል ሞክቢና ዲ. ኬ. ሩት እ.ኤ.አ. በ1993 በኦበርን ዩኒቨርሲቲ የጀመሩትን ሩራል ስቱዲዮን የመሰሉ ፕሮግራሞች ተማሪው የሳለውን ራሱ እንዲገነባ የሚያደርጉት በከንቱ አይደለም፤ የጎደለ ልክ ንድፉን በሚገመግሙት መምህራን (በጁሪ) ፊት ሊያልፍ ይችላል፣ መጋዝ ለያዘ ሰው ግን አያልፍም። ስዕሉና ስሌቱ ለፈቃድ ሰጪው አካልና ፈቃድ ላለው ኢንጂነር ሳይታዩ ሰው የሚቀመጥበት ነገር አይቁም።

ሲቆም

የጫማዎቹ ብሎኖች ኮንክሪት ውስጥ የሚቀበሩት በቀዳዳ በተበሳ የፕላይውድ ማስያዣ ተይዘው ነው። በዓይን ግምት የተቀበረ ብሎን 2 ሳንቲሜትር ቢስት ያ ስህተት እስከ ቆርቆሮው ድረስ ይከተላል። ከዚያ ሁለቱ የጎን ክፈፎች፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ምሰሶ፣ አንድ ጥንድ ቢምና ሰያፍ ድጋፎቻቸው፣ መሬት ላይ ተኝተው ይገጣጠማሉ፤ ሰያፉ ልክ ይለካል፤ ከዚያ ይነሳሉ። መጀመሪያ የሚነሳው ክፈፍ በሁለት ወገን በጊዜያዊ ሰያፍ እንጨት ካልተያዘ ሰው እጁን አይልቀቀው። መዋቅር ከሁሉ የሚደክመው ግማሽ ላይ ሲሆን ነው። በቱንቢና በውሃ ልክ ተስተካክሎ ብሎኖቹ የሚጠብቁት ወራጆቹና ሰያፎቹ ሁሉ ከገቡ በኋላ ነው፤ ቀድሞ የተጠበቀ ብሎን ስህተቱን ይቆልፈዋል። ጊዜያዊ ድጋፎቹም የሚነሱት ቋሚዎቹ ከጠበቁ በኋላ ብቻ ነው።

ቆርቆሮ በነፋሻ ሰዓት አይወጣም። ሁለት ሰው የያዘው 4 ሜትር ቆርቆሮ ንፋስ ካገኘው ሰዎቹን ይዞ ይሄዳል። የወጣው ሁሉ በዚያው ቀን ሙሉ በሙሉ ይታሰር፤ «ለዛሬ አራት ብሎን ይበቃዋል» የተባለ ቆርቆሮ ሌሊት ይነቀላል። እንጨቱ ሲቆም እርጥብ ከነበረ በሚቀጥሉት ወራት ይኮማተራል፣ ብሎኖቹም ይላላሉ። ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ሁሉም እንደገና ይጠበቁ፤ ያን ጊዜ የጫማዎቹ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች በአፈር አለመደፈናቸውም ይታይ። ተማሪዎቹ እስከዚያ ተመርቀው ሄደው ሊሆን ስለሚችል፣ ርክክቡ ላይ የብሎኖቹ ቦታና የቁልፉ ቁጥር የተጻፈበት አንድ ገጽ መጠለያውን ለሚረከበው ሰው ይሰጠው።